ተማሪ ወይስ ሠራተኛ? በወረርሽኙ ዘመን ስለ ተነሣው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ክርክር

በ2020 ጁላይና ኦገስት ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከረመ። ፎቶግራፉ የተነሣው በ1918 በአትላንታ ከተማ፣ በጆርጂያ ቴክ የፉትቦል ሜዳ ሲሆን ያነሣውም ቶማስ ካርተር የተባለ የዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ፉትቦል ስልም በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው።) ባርኔጣ የደፉ ተመልካቾች ጎን ለጎን ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ አፍና አፍንጫቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነዋል።

ያን ፎቶግራፍ ሁለቱም ወገኖች ምስክር አድርገው ጠሩት። አንደኛው ወገን «ከመቶ ዓመት በፊት ከዚህ የከፋ ወረርሽኝ ሳለ አባቶቻችን ተጫውተዋል፤ እኛስ ምን ሆነን ነው የምንሰርዘው?» አለ። ሁለተኛው ወገን «አባቶቻችሁ ቢያንስ አፋቸውን ሸፍነው ነበር» ሲል መለሰ። ፎቶግራፉ ግን የሁለቱንም ጥያቄ አይመልስም። ስለ ተመልካቾቹ እንጂ ስለ ተጫዋቾቹ የሚናገረው ነገር የለውምና።

እስቲ ወደ 1918 እንመለስ። ያ ወረርሽኝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በዚያው የመኸር ወቅት አገራችን ገብቶ «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም አትርፏል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ በጠና ታመው ነበር የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው የዚያን ዘመን ትዝታ ይዘን ነው። በአሜሪካ ደግሞ በሽታው የገባው አገሪቱ በጦርነት ላይ እያለች ነበርና የኮሌጆቹ ግቢ የሰላማዊ ተማሪዎች ግቢ አልነበረም። በኦክቶበር 1 ቀን 1918 የጦር ሚኒስቴሩ ከ500 በሚበልጡ ኮሌጆች ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪዎችን ቃለ መሐላ አስገብቶ ወታደር አደረጋቸው። ጠዋት ሰልፍ፣ ከቀትር በኋላ ትምህርት፣ ማታ በጋራ መኝታ ቤት መተኛት ሆነ ኑሮአቸው። ሚኒስቴሩ በወሩ ውስጥ ረጅም ጉዞ የሚጠይቁ ጨዋታዎችን ገደበ፤ የየከተማው የጤና ሹማምንት ደግሞ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ሁሉ ዘጉ። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ አላደረገም። የሚሺጋን ቡድን አምስት ጊዜ ብቻ ተጫወተ። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በኖቬምበር 9፣ ማለትም የተኩስ አቁሙ ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላም ያንኑ የፎቶግራፉን ባለቤት ጆርጂያ ቴክን 32 ለ 0 ረታው።

እንግዲህ «በ1918 ተጫውተዋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ብዙው ጨዋታ ተሰርዟል። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ የሰረዘውና የፈቀደው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። ተጫዋቹ ወታደር ነው፤ አዛዥ አለው፤ ለሚደርስበት ነገር ኀላፊው መንግሥት ነው። ሥርዓቱ ጥሩ ነበር ማለቴ ሳይሆን የማን ሥርዓት እንደ ሆነ አይጠፋም ነበር ማለቴ ነው።

በ2020 የጠፋው ይኸው ነበር።

መጀመሪያ ላይ የጠፋ አይመስልም ነበር። ማርች 10 ቀን የአይቪ ሊግ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድራቸውን ሰርዘው «ተደናጋጮች» ተብለው ተወቀሱ። በማግሥቱ የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ዐወጀ፤ በዚያው ምሽት አንድ የኤንቢኤ ተጫዋች ቫይረሱ ተገኝቶበት ሊጉ ቆመ። በሦስተኛው ቀን፣ ማርች 12፣ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ከ1939 ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረውን የወንዶች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና፣ ከእርሱም ጋር የሴቶቹንና የቀሩትን የክረምትና የጸደይ ሻምፒዮናዎች ሁሉ ሰረዘ። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ለአባል ኮሌጆች ሊያከፋፍል ካሰበው 600 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ የሰጠው 225 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም የሰረዘው አካል አንድ ነበርና ያዘነ አዘነ እንጂ ብዙ የተከራከረ አልነበረም።

ታዲያ በኦገስት ለምን አገር ተናወጠ? መልሱ ያለው በሁለት የቆዩ ታሪኮች ውስጥ ነው።

አንደኛው ይህ ነው። በ1905 በአንድ የጨዋታ ዘመን ቢያንስ 18 ወጣቶች በፉትቦል ሜዳ ላይ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ተወካዮች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያርሙ አሳሰቡ። ኮሎምቢያ ፉትቦልን አስወገደ፤ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ወደ ራግቢ ዞሩ። ከዚህ «ይቅር ወይስ ይቀጥል» ከሚለው ክርክር በ1906 አንድ ማኅበር ተወለደ፤ ያም ዛሬ ኤንሲኤኤ የምንለው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ የተፈጠረው የተጫዋቾችን ሕይወት ለመጠበቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው በ1984 የሆነ ነው። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች «የፉትቦላችንን የቴሌቪዥን መብት ኤንሲኤኤ ሊቆጣጠርብን አይገባም» ብለው ከስሰው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ረቱ። (ከተቃወሙት ከሁለቱ ዳኞች አንዱ በወጣትነታቸው ስመ ጥር የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የነበሩት ባይረን ዋይት ናቸው፤ ሰውየው ከሁሉ ይልቅ ጨዋታውን ያውቁት ነበርና ነገሩ ያሳስበኛል።) ከዚያ ወዲህ የፉትቦል ገንዘብ የሚፈስሰው ወደ ማኅበሩ ሳይሆን ኮሌጆች በየአካባቢው ወዳቋቋሟቸው ኮንፈረንሶች ሆነ። በ2019 ሒሳብ ዓመት ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ ለእያንዳንዱ ነባር አባሉ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከፋፍሏል። ገንዘቡ ከሄደ ሥልጣኑም ተከትሎት ይሄዳል። ለተጫዋቾች ሕይወት የተፈጠረው ማኅበር በ2020 በታላላቆቹ የፉትቦል ቡድኖች ላይ «ቁሙ» የሚል ሥልጣን አልነበረውም። ኮንፈረንሶቹም እንደ ዘመነ መሳፍንት ገዦች እያንዳንዱ በየግዛቱ የመሰለውን ወሰነ።

የአይቪ ሊግ ኮሌጆች በጁላይ 8 የመኸሩን ስፖርት በሙሉ ሰረዙ። በኦገስት 8 ሚድ አሜሪካን የተባለው ኮንፈረንስ ተከተለ። በኦገስት 11 ቢግ ቴንና ፓክ-12 ፉትቦልን ጨምሮ የመኸሩን ጨዋታ አቆሙ። በደቡብ ያሉት ሦስቱ ኃያላን፣ ማለትም ሳውዝኢስተርን፣ አትላንቲክ ኮስትና ቢግ 12፣ «እንጫወታለን» አሉ። ቫይረሱ አንድ፣ ሕጉ ግን እንደ ወንዙ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእነዚያ ዐሥር ቀናት ውስጥ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ተናግረዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የሰማቸው ጆሮ የፈለገውን ብቻ ነው የሰማው።

በኦገስት 2 የፓክ-12 ተጫዋቾች ስብስብ «አንድ ሆነናል» በሚል መፈክር ጥያቄዎቻቸውን ይፋ አደረጉ። የጤና ጥበቃ፣ የዘር ፍትሕ፣ እንዲሁም ከየስፖርቱ ገቢ ግማሹ ለተጫዋቾች እንዲደርስ ጠየቁ፤ ካልሆነ አንጫወትም አሉ። ከሳምንት በኋላ፣ በኦገስት 9 ሌሊት፣ ኮንፈረንሶቹ ሊሰርዙ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የክሌምሰኑ ትሬቨር ሎውረንስ፣ የኦሃዮ ስቴቱ ጀስቲን ፊልድስና ሌሎች «መጫወት እንፈልጋለን» አሉ። ሁለቱ ወገኖች ተፋጠጡ ሲባል በዚያው ሌሊት ተነጋግረው አንድ የጋራ መግለጫ አወጡ። መግለጫው አምስት ነጥብ ነበረው፦ መጫወት እንፈልጋለን፤ በሁሉም ኮንፈረንስ አንድ ዓይነት አስገዳጅ የጤና ደንብ ይውጣ፤ መጫወት ያልፈለገ መብቱ ይጠበቅለት፤ የተጫወተም ያልተጫወተም የመወዳደሪያ ዓመቱ አይቃጠልበት፤ በመጨረሻም ከባለሥልጣናቱ ጋር ግልጽ የመነጋገሪያ መንገድ ተከፍቶ የፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበር ይቋቋም።

ሲነጋ ምን ሆነ? ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ «መጫወት እንፈልጋለን» የሚለውን ወስደው በትዊተር አስተጋቡ። ሴናተሮችና አሠልጣኞችም ተቀበሏቸው። ቀሪዎቹን አራት ነጥቦች ያነሣ ግን ጥቂት ነበር። በእኔ አስተያየት የዚያ ዓመት ክርክር ሁሉ የተበላሸው በዚያች ጠዋት ነው። «በዚህ በዚህ ሁኔታ እንጫወታለን» ያለ ሰው ውል አቅርቧል፤ «መጫወት እንፈልጋለን» ብቻ ያለ ግን ፈቃዱን ሰጥቶ ሄዷል። ተጫዋቾቹ ውል አቀረቡ፤ እነ ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ አድርገው ተቀበሉት። የሰረዙትም ወገኖች ቢሆኑ ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም።

የቢግ ቴን ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። ኮሚሽነሩ ኬቨን ዋረን ሥራቸውን የጀመሩት በዚያው ዓመት ሲሆን ከአምስቱ ታላላቅ ኮንፈረንሶች አንዱን በመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በኦገስት 19 በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ውሳኔው ዳግመኛ እንደማይታይ አስታወቁ። ጀስቲን ፊልድስ ያስጀመረው የአቤቱታ ፊርማ በዚያው ሰሞን ከ300 ሺህ አለፈ። የኔብራስካ ስምንት ተጫዋቾች «ማን፣ እንዴት እንደ ወሰነ ይነገረን» ብለው ከሰሱ። ድምፁ 11 ለ 3 መሆኑን፣ የተቃወሙትም ኔብራስካ፣ አይዋና ኦሃዮ ስቴት መሆናቸውን ሕዝብ ያወቀው በፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በሴፕቴምበር 1 ፕሬዚዳንቱ ለኮሚሽነሩ ስልክ ደወሉ። ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ሚኒሶታ፣ አይዋ፤ የቢግ ቴን ካርታና የኖቬምበሩ ምርጫ የጦር ሜዳ ካርታ አንዱ ካንዱ ላይ ቢደረብ ልዩነቱ ጥቂት ነበር። ዳግመኛ አይታይም የተባለው ውሳኔ በአራት ሳምንቱ፣ በሴፕቴምበር 16፣ በሙሉ ድምፅ ተሻረ። ፓክ-12ም በሳምንቱ ተከተለ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የፖለቲካ ግፊት አላንበረከከንም፤ የተለወጠው ሕክምናው ነው፤ ፈጣን የዕለት ተዕለት ምርመራ ተገኝቷል አሉ። ምርመራው በእርግጥ ተገኝቶ ነበር። ለተጫዋቾቹ እንጂ በአንድ ክፍል ሊማሩ ላልቻሉት ሌሎች ተማሪዎች አልነበረም።

የሐኪሞቹን ክርክር አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። የሰረዙትን ያስፈራቸው ማዮካርዳይተስ፣ ማለትም የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው፤ ይህ ሕመም በብርቱ ሩጫ ላይ ያለን ወጣት በድንገት ሊገድል ይችላል። በሴፕቴምበር 2020 የኦሃዮ ስቴት ሐኪሞች ከቫይረሱ ያገገሙ 26 አትሌቶችን በልብ ኤምአርአይ መርምረው በ4ቱ ላይ፣ ማለትም በመቶ 15 በሚሆኑት ላይ፣ የዚያን ምልክት አየን ብለው አሳተሙ። በ2021 የወጣው የቢግ ቴን ሰፊ ጥናት ግን 1,597 አትሌቶችን አይቶ ያገኘው 37 ሰዎችን፣ ማለትም በመቶ 2.3 ነው። እንግዲህ ፍርሃቱ ከእውነቱ በልጦ ነበር። ዛሬ ይህን ይዞ «ሰራዦቹ ተሳሳቱ» የሚል ሰው አለ። እኔ ግን በኦገስት 2020 የነበረ ሰው በ2021 መጽሔት ሊፈረድበት ይገባል ብዬ አላምንም። በሌላ በኩል በመቶ 2.3ም ቢሆን ከ1,597 ውስጥ 37 ልጆች ናቸው።

«ተጫዋቾቹ ቤታቸው ከሚውሉ ይልቅ በየዕለቱ ከሚመረመሩበት ቡድን ጋር ቢሆኑ ይሻላቸዋል» የሚለውም ክርክር ባዶ አልነበረም፤ የአላባማው አሠልጣኝ ኒክ ሴበንም ሎውረንስም ይህን ተናግረዋል። በሴፕቴምበር 2020 በፔንሲልቫኒያ የአንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ተጫዋች የሆነ የ20 ዓመት ወጣት በቫይረሱ ሳቢያ በልቡ ውስጥ ደም ረግቶ ሞተ። ዩኒቨርሲቲው የመኸሩን ስፖርት አስቀድሞ ሰርዞ፣ ትምህርቱንም በኢንተርኔት አድርጎ ነበር፤ ልጁ ግን ወደ ከተማዋ ተመልሶ ነበር። ይህ ሞት ለማን ይመሰክራል? «መሰረዝ አላዳነውም» የሚል አለ፤ «በሽታው ወጣት አይገድልም ስትሉን ነበር» የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት ነው።

ክርክሩን በእኔ ዘንድ የቋጨው ግን የሕክምና ነገር አይደለም፤ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በኦገስት 10 ተማሪዎቹን ተቀብሎ ትምህርት ጀመረ። በሳምንቱ፣ ኦገስት 17፣ በሽታው በየማደሪያው ስለ ተቀጣጠለ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት አዛውሮ ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ይሸኝ ጀመር። የፉትቦሉ ቡድን ግን ቀረ። በሴፕቴምበር 12 የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ግቢው ለተማሪ አደገኛ ከሆነ፣ በግቢው የቀረው ልጅ ምንድን ነው? ተማሪ ነው እንዳይባል ተማሪው ተሸኝቷል። ሠራተኛ ነው እንዳይባል ደመወዝ የለውም፤ ቢታመም ካሳ አያገኝም፤ ማኅበርም የለውም።

ለዚህ ልጅ አሜሪካኖች ከብዙ ዓመት በፊት ስም አውጥተውለታል፤ «ተማሪ-አትሌት» ይሉታል። ስሙ የክብር ስም ይመስላል። በ1955 በኮሎራዶ የአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ፤ ባለቤቱም ባሏ በሥራ ላይ እንደ ሞተ ሠራተኛ ተቆጥሮ የሞት ካሳ እንዲከፈላት ጠየቀች። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ኮሌጁ ፉትቦልን የሚያካሂደው ለንግድ አይደለምና ካሳ አይገባትም ብሎ ፈረደ። ኤንሲኤኤን ከሠላሳ ዓመት በላይ የመሩት ዋልተር ባየርስ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ «ተማሪ-አትሌት» የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን የፈጠሩት ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ እንዳይቆጠሩባቸው መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል። ወረርሽኙ ይህን ቃል ለሁለት ከፈለው፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ተሸኘ፣ አትሌቱ ሜዳ ላይ ቀረ።

ጨዋታውማ ተካሄደ። ከመቶ በላይ ግጥሚያዎች ተሰረዙ ወይም ተላለፉ። የ«መጫወት እንፈልጋለን» ፊታውራሪ የነበረው ሎውረንስ በኦክቶበር መጨረሻ ራሱ ተይዞ ሁለት ጨዋታ አመለጠው፤ ከሁለቱ በአንደኛው ቡድኑ በኖትር ዳም ተሸነፈና ተማሪዎች በሺህ እየሆኑ ሜዳውን ወረሩት። ቢግ ቴን ለፍጻሜ ለመድረስ ስድስት ጨዋታ ግዴታ ነው ብሎ ደንብ ካወጣ በኋላ ኦሃዮ ስቴት አምስት ብቻ ሲሆንበት በዲሴምበር ደንቡን አነሣው። ኦሃዮ ስቴትም እስከ አገር አቀፉ ፍጻሜ ደርሶ በጃንዋሪ 11 ቀን 2021 በአላባማ 52 ለ 24 ተሸነፈ።

ቴሌቪዥን የማያሳያቸው ልጆችስ? ለእነርሱ የሚከራከር ፕሬዚዳንት አልተገኘም። ስታንፎርድ በጁላይ 2020 ዐሥራ አንድ የስፖርት ዓይነቶችን ሊያጠፋ መወሰኑን ዐወጀ፤ በ2021 ግን ብዙ ጩኸት ከተነሣ በኋላ መልሶ አነሣው። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቢግ ቴን ፉትቦሉን ባቆመ በዐሥር ቀኑ የወንዶች ጂምናስቲክን፣ የወንዶች ቴኒስንና የሁለቱንም ፆታ ዋና ሰረዘ፤ ከእነዚህ መካከል በኋላ የተመለሰው የሴቶቹ ዋና ብቻ ነው። ፉትቦሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲመለስ እነርሱ አብረው አልተመለሱም። ልጆቻችንን በሩጫ ወይም በእግር ኳስ ስኮላርሺፕ ኮሌጅ እናስገባለን ብለን ማልደን ወደ ልምምድ የምናደርስ በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ያለን ወላጆች ይህን ክፍል ደግመን ብናነብበው አይከፋም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልበል። በጁን 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልስተን በተባለው ጉዳይ በሙሉ ድምፅ በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ከጁላይ 1 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በጁን 2025 ደግሞ አንድ የፌዴራል ዳኛ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል የኋላ ካሳ የሚያስከፍልና ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅድ ስምምነት አጸደቁ። በኦገስት 2020 ግማሹን ገቢ ስጡን ያሉት የፓክ-12 ልጆች ያን ጊዜ እንደ ሕልመኛ ታይተው ነበር፤ ኮንፈረንሳቸው ግን በ2024 ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥሩ አባላቱ ለበለጠ የቴሌቪዥን ገንዘብ ጥለውት ሄደው ሁለት ብቻ ቀርተውት ነበር።

የሌሊቱ መግለጫ አምስተኛ ነጥብስ? በማርች 2024 የዳርትማውዝ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 13 ለ 2 በሆነ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት ወሰኑ። ዳርትማውዝ የአይቪ ሊግ አባል ነው፤ በማርችም በጁላይም ከሁሉ ቀድመው ከሰረዙት ወገን ማለት ነው። ኮሌጁ ተማሪዎች እንጂ ሠራተኞች አይደሉም ብሎ አልደራደርም አለ። የማኅበሩ ጠበቆች የአገሪቱ የሠራተኛ ቦርድ በአዲሱ አስተዳደር ሥር እንደሚለወጥና ፍርዱም እንደሚከፋ አስበው ማመልከቻውን በዲሴምበር 31 ቀን 2024 መልሰው ወሰዱት።